ሐይክና ካሜራ፦ የአልጄር ሴቶች በቅኝ ገዢው ፎቶግራፍ

(በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቅኝ ገዢዎች አገር በያዙ ቁጥር መሬቱን በገመድ፣ ሕዝቡን በመዝገብ፣ መልኩን ደግሞ በፎቶግራፍ ለክተዋል። ስለ መሬቱ ንጥቂያና ስለ ግብሩ መዝገብ ብዙ ተጽፏል። ስለ ሦስተኛው መለኪያ ግን በቋንቋችን የተጻፈው እጅግ ጥቂት ነው። ፎቶግራፍ ዓይን ያየውን እንዳለ የሚያስቀር፣ ወገን የሌለው መሣሪያ ነው ተብሎ ስለሚታመን፣ በመጽሐፍ የሰፈረ ቃል የሚደርስበት ጥያቄ አይደርስበትም። አንድ የቅኝ አገዛዝ ሹም የጻፈውን ሪፖርት ስናነብ «ይህን ያለው ለምንድን ነው?» ብለን እንጠይቃለን፤ ያው ሹም ያነሣውን ፎቶግራፍ ስናይ ግን «ለካስ እንዲህ ነበሩ» ብለን እናልፋለን።

ይህ ጽሑፍ ያንን ልማድ ለመፈተን የተዘጋጀ ነው። ለምርመራው የተመረጡት በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ፣ በተለይም ከ1900 እስከ 1930 ባሉት ዓመታት፣ የሙስሊም ሴቶችን አለባበስ ለማሳየት በአልጄር ከተማ ጎዳናዎች ላይ የተነሡት ፎቶግራፎች ናቸው። አልጄር የተመረጠችበት ምክንያት ሦስት ነው። አንደኛ፣ በሰሜን አፍሪካ የፈረንሳይ አገዛዝ ከሁሉ ቀድሞ የገባውና ረጅሙን ዘመን የቆየው፣ ከ1830 እስከ 1962፣ በአልጄሪያ ነው። ሁለተኛ፣ የአልጄሪያ ሴት በፖስት ካርድ ላይ እየታተመች በገፍ ተሸጣለች። ሦስተኛ፣ በልብስና በካሜራ መካከል የተጀመረው ግብግብ በዚያች አገር እስከ ጦርነት ዘልቋል፤ ስለዚህም የነገሩን መጀመሪያና መጨረሻ አያይዞ ለመመልከት ያመቻል።

፩. ከሠዓሊ ብሩሽ ወደ ካሜራ

የፈረንሳይ ጦር አልጄርን የያዘው ጁላይ 5 ቀን 1830 ነው። ድል አድራጊዎቹ በመጀመሪያ ካደረጓቸው ነገሮች አንዱ ከተማይቱን ለሠራዊታቸው እንድታመች አድርገው መተልተል ነበር። በወደቡ አቅራቢያ በካዝባ የታችኛው ክፍል የነበሩት ቤቶችና ሱቆች ፈርሰው የሰልፍ አደባባይ ተሠራ፤ የከቻዋ መስጊድ በ1832 ወደ ካቶሊክ ካቴድራልነት ተለወጠ። የቤተሰብን ገመና ከመንገደኛ ዓይን የሚከልሉት ጠባብና ጠመዝማዛ መንገዶች በየቦታው በሰፋፊ ጎዳናዎች ተቆረጡ።

በዚያው በ1832 ሠዓሊው ኤዠን ደላክሯ ከሞሮኮ ሲመለስ በአልጄር አለፈ። በወደቡ በሚሠሩ ፈረንሳውያን አማላጅነት ወደ አንድ ሙስሊም ቤት ገብቶ ሴቶችን ለመንደፍ እንደቻለ ይነገራል። ከዚያ ጉብኝት የወጣው ሥዕል በ1834 በፓሪስ ለሕዝብ ታየ። የሥዕሉን ታላቅነት የሚክድ የለም። ነገር ግን ለሚቀጥለው መቶ ዓመት የሚበቃ ምኞት በአውሮፓውያን አእምሮ ውስጥ ተክሏል፤ ይኸውም የአልጄሪያ ሴት የተዘጋ ቤት ናት፣ አውሮፓዊው ደግሞ በሩን ከፍቶ የመግባት መብት ያለው እንግዳ ነው የሚል ምኞት ነው።

የዳጌር የፎቶግራፍ ፈጠራ በፓሪስ በይፋ የታወጀው ኦገስት 19 ቀን 1839 ሲሆን፣ አልጄር ከተያዘች ገና 9 ዓመቷ ነበር። በመጀመሪያው ዘመን ካሜራ ለጎዳና የሚሆን መሣሪያ አልነበረም። ምስሉ እስኪያዝ ድረስ ሰው ለብዙ ሴኮንዶች፣ አንዳንድ ጊዜም ለደቂቃዎች፣ ሳይነቃነቅ መቆም ነበረበት፤ የሚራመድ ሰው እንደ ጉም ደብዝዞ ይወጣል ወይም ጨርሶ ይጠፋል። ከ1880ዎቹ ጀምሮ ግን በጄላቲን የተቀባው ደረቅ መስተዋት የሚፈለገውን ጊዜ ወደ ሴኮንድ ክፋይ አወረደው። በ1888 የኮዳክ የእጅ ካሜራ፣ በ1900 ደግሞ በአንድ ዶላር የሚሸጠው ብራውኒ ለገበያ ቀረቡ። ከዚያ ወዲህ በጎዳና የሚሄድን ሰው ፈቃዱን ሳይጠይቁ፣ እንዲያውም ሳያውቅ፣ ማንሣት ተቻለ።

መሣሪያው በራሱ ክፉም ደግም አይደለም። ሆኖም ፈቃድ ከመጠየቅ ነፃ የሚያወጣው ይህ መሣሪያ በአልጄር የገባው ቀድሞውንም ፈቃድ መጠየቅ ግዴታው ባልሆነ ሰው እጅ ነበር። በ1881 የወጣው የ«ኤንዲዤና» ሕግ አልጄሪያዊውን ያለ ፍርድ ቤት፣ በአስተዳዳሪ ትእዛዝ ብቻ ያስቀጣ ነበር። በእንዲህ ዓይነቱ አገዛዝ ሥር «ያለፈቃዴ ለምን አነሣኸኝ?» የምትል ሴት አቤቱታዋን ወዴት ትወስዳለች?

፪. ሐይክ ምን ነበር?

ሐይክ የሚለው ስም «ሸመነ» የሚል ትርጉም ካለው የዐረብኛ ግስ የወጣ ነው። የአልጄር ሐይክ ነጭ፣ ያልተሰፋ፣ ርዝመቱ ወደ 6 ሜትር፣ ወርዱ ከ2 ሜትር የሚበልጥ ጨርቅ ሲሆን ከሱፍ፣ ከጥጥ ወይም ከሐር ይሸመናል። ሴቲቱ ከራሷ ላይ ጥላ መላ አካላቷን ትጠቀለልበታለች፤ ጫፎቹን በእጇ ትይዛለች። ከዓይኗ በታች ያለውን ፊቷን «ዓጃር» የሚባል፣ ብዙውን ጊዜ በጥልፍ ያጌጠ መሐረብ ይሸፍነዋል። ከሐይኩ በታች በቁርጭምጭሚት ላይ የሚሰበሰብ ሰፊ ሱሪ ይታያል።

ነጠላና ጋቢ ሲጣፋ እያየን ላደግን ለእኛ ይህ ልብስ እጅግም እንግዳ አይሆንብንም። አንዱ ነጠላ ለደስታ፣ ለለቅሶ፣ ለቤተ ክርስቲያንና ለገበያ በተለያየ መልክ እንደሚለበስ እናውቃለን፤ ጥለቱ ወዴት እንደዋለ አይተን ሐዘንተኛዋን ከሩቅ እንለያለን። አገራችንን የማያውቅ እንግዳ ግን የሚያየው ነጭ ጨርቅ ብቻ ነው። ሐይክም እንደዚሁ የራሱ ቋንቋ ነበረው። የሐሩ ልስላሴ ባለጸጋዋን፣ የጥጡ ሻካራነት ድሃዋን ያስታውቃል፤ የአያያዙ ወግና የዓጃሩ ጥልፍ ለአገሬው ሰው ብዙ ይናገራል። በሐይክ ውስጥ ያለችውን ጎረቤቱን የሰፈሯ ሰው በአካሄዷ ይለያታል። ከመንገደኛው ሁሉ ይህን ቋንቋ ማንበብ የተሳነው ካሜራ የያዘው ሰው ነበር። እርሱም አለማንበቡን በሴቲቱ አሳበበና «ምሥጢራዊት» ብሎ ጠራት።

በዚያ ላይ የአልጄሪያ ሴቶች ልብስ አንድ ወጥ አልነበረም። በምሥራቅ በኩል በኮንስታንቲን ከተማ ሴቶች ጥቁር «ምላያ» ይለብሱ ነበር፤ የአካባቢው አፈ ታሪክ ይህን ጥቁር ልብስ በ1792 ለተገደለው ለሳላሕ ቤይ ከተደረገው ሐዘን ጋር ያያይዘዋል። በደቡብ በምዛብ ሸለቆ ሴቶች አንድ ዓይን ብቻ እስኪታይ ድረስ ይከናነቡ ነበር። በካቢሊያ ተራሮች የሚኖሩት ገበሬ ሴቶች ግን ፊታቸውን ሳይሸፍኑ ወደ እርሻና ወደ ምንጭ ይወርዱ ነበር። ሁሉም ሙስሊሞች ናቸው። ስለዚህ ፎቶግራፎቹ «የሙስሊም ሴት ልብስ» እያሉ የሚያቀርቡት ነገር በእርግጡ የአንድ ከተማ፣ የአንድ መደብና የአንድ ዘመን ልብስ ነበር።

የመደቡ ነገር በተለይ ሊጤን ይገባል። በ1873 የወጣው የቫርኒዬ ሕግ የጎሳንና የቤተሰብን የጋራ ርስት ለግል ሽያጭ ከፈተ፤ ብዙ መሬት በሰፋሪዎች እጅ ገባ፤ የተፈናቀለው ገበሬ ወደ ከተማ ጎረፈ። ከእነዚህ ቤተሰቦች የወጡ ብዙ ሴቶች በአውሮፓውያን ቤት በልብስ አጣቢነትና በቤት ጠራጊነት ተቀጠሩ። ሰፋሪዎቹ የእያንዳንዷን ስም ለማወቅ ሳይደክሙ ሁሉንም «ፋትማ» ብለው ይጠሯቸው ነበር። በማለዳ ከካዝባ ደረጃዎች በነጭ ሐይክ ስትወርድ በፎቶግራፍ የተያዘችው ሴት ወደ ሥራዋ የምትጣደፍ ወዛደር ልትሆን ትችላለች። ፖስት ካርዱ ግን የሠራተኛዋን ድካም ደብቆ የጨርቁን ንጣት ብቻ ያሳያል።

፫. የፖስት ካርዱ ገበያ

ከ1904 ጀምሮ በፈረንሳይ የፖስት ካርድ ጀርባ ለሁለት ተከፍሎ አድራሻና መልእክት በአንድ ወገን እንዲጻፍ ተፈቀደ። ከዚያ በኋላ የፊቱ ገጽ ሙሉ በሙሉ ለምስል ተለቀቀ። ከዚያ ጊዜ እስከ 1930 ገደማ ያለው ዘመን የፖስት ካርድ ወርቃማ ዘመን ሆነ። በፓሪስ በ«ኤን ዴ» ፊደላት የሚታወቁት የኔርዴን ወንድማማቾችና በ«ኤል ኤል» የሚታወቀው የሌቪ ድርጅት የቅኝ አገሮችን ምስል በተራ ቁጥር እየመዘገቡ አሳተሙ። በአልጄር ከተማ በትውልድ ስዊስ የሆነው ዣን ጋይዘር (1848-1923) ስቱዲዮና ማተሚያ ነበረው። በጎረቤት ቱኒስ የቦሄሚያው ሩዶልፍ ሌነርትና የሳክሶኒው ኤርንስት ላንድሮክ በ1904 አብረው ሥራ ጀመሩ፤ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ከተቋረጠ በኋላ ንግዳቸውን በ1924 በካይሮ ቀጠሉ።

ካርዶቹ ብዙውን ጊዜ የሚታተሙት «ትዕይንቶችና ዓይነቶች» በሚል የወል አርእስት ነው። «ዓይነት» የሚለው ቃል ልብ ሊባል ይገባዋል። አንድ የተፈጥሮ ሳይንስ ሊቅ ቢራቢሮዎችን በመርፌ ሰክቶ በዓይነት በዓይነታቸው እንደሚያስቀምጥ፣ አሳታሚውም «የሙር ሴት በከተማ ልብሷ»፣ «የሙር ሴቶች በሽርሽር»፣ «ወደ መካነ መቃብር የሚሄዱ ሴቶች» እያለ ይመድባል። በካርዱ ላይ የአሳታሚው ስም አለ፤ የከተማይቱ ስም አለ፤ ተራ ቁጥሩም አለ። የሌለው የሴቲቱ ስም ነው።

ካርዶቹ በሁለት ወገን ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ በጎዳና የተነሡ ናቸው። በእነዚህ ላይ ሴቲቱ ከእግር እስከ ራሷ ተከናንባ፣ ብዙ ጊዜ ጀርባዋን ሰጥታ ወይም ወደ ጥግ ዞር ብላ ትታያለች። ሁለተኛዎቹ በስቱዲዮ የተቀነባበሩ ናቸው። በእነዚህ ላይ ደግሞ በክፍያ የቀረበች ሴት ከኪራይ ጌጣጌጥና ከተሣለ መጋረጃ ጋር፣ ሐይኳን ከፍታ፣ አንዳንድ ጊዜም ደረቷ ተራቁቶ ትታያለች። ሁለቱ የሚሸጡት በአንድ መደርደሪያ ላይ ነበር። የጎዳናው ካርድ ጥያቄ ይጭራል፤ የስቱዲዮው ካርድ የተፈበረከ መልስ ይሸጣል።

አልጄሪያዊው ጸሐፊ ማሌክ አሉላ እነዚህን ካርዶች ሰብስቦ በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ይህን አሠራር አጋልጧል። በእርሱ አስተያየት የተከናነበችው ሴት ለፎቶግራፍ አንሺው ሽንፈት ነበረች፤ እርሷ እያየችው እርሱ ሊያያት አልቻለም። በስቱዲዮ ውስጥ የሠራው ሁሉ የዚያ ሽንፈት በቀል ነው። አሉላ አንዲት ሴት ያንኑ ልብስና ያንኑ ጌጥ እንዳደረገች በተለያዩ ካርዶች ላይ የተለያየ አገርና ነገድ እየተሰጣት፣ አንድ ጊዜ የበረሃ፣ አንድ ጊዜ የካቢሊያ ሴት እየተባለች መሸጧን አሳይቷል። ይህ ለታሪክ ተማሪ ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው።

ሌላም የሚዘነጋ ነገር አለ። ፖስት ካርድ ያለ ኤንቨሎፕ ይሄዳል። በአገሯ ፊቷን ለጎረቤት ያልገለጠች ሴት ምስል በፖስታ ቤት ጸሐፊ፣ በፖስተኛና በቤት ጠባቂ እጅ እየተላለፈ ማርሴይና ሊዮን ይደርስ ነበር። በጀርባው ወታደሩ ለእናቱ ስለ አየሩ ሁኔታ ወይም ስለ ጤንነቱ ይጽፍበታል። ከቅኝ አገዛዝ ሥራዎች ሁሉ እንዲህ በዝምታና በየዕለቱ የተፈጸመ ጥቂት ነው።

፬. ፎቶግራፉን እንደ ታሪክ ምንጭ ማንበብ

እንግዲህ እነዚህን ፎቶግራፎች እንደ ቆሻሻ እንጣላቸው ማለት ነው? አይደለም። ያለ እነርሱ የዚያን ዘመን ሴቶች በጎዳና ላይ እንዴት ይታዩ እንደነበር የምናውቀው ይቀንሳል። መታወቅ ያለበት እንዴት እንደሚነበቡ ነው።

በመጀመሪያ ቀለሙ ያታልላል። የዘመኑ ተራ የፎቶግራፍ መስተዋቶች ለሰማያዊ ብርሃን እጅግ ንቁ፣ ለቀይ ብርሃን ግን ዕውር ነበሩ ለማለት ይቻላል። ለቀለማት ሁሉ ንቁ የሆነው መስተዋት ለገበያ የቀረበው በ1906 ሲሆን በአንድ ጊዜ በሁሉም ዘንድ አልተለመደም። ስለዚህ በጥቁርና ነጭ ምስል ላይ ጥቁር መስሎ የሚታየው ጨርቅ ቀይ፣ ነጭ መስሎ የሚታየው ደግሞ ፈዛዛ ሰማያዊ ሊሆን ይችላል። ባለቀለም ፖስት ካርዶችም ቢሆኑ ቀለማቸው ከታተመ በኋላ ወይም በሚታተምበት ጊዜ የተጨመረ ነው፤ ቀለሙን የመረጠው ሠራተኛ ብዙ ጊዜ ልብሱን በዓይኑ አላየውም። እውነተኛ ባለቀለም ፎቶግራፍ የተገኘው የሉሚዬር ወንድማማቾች በ1907 ለገበያ ባወጡት አውቶክሮም ነው። የፓሪሱ ባለባንክ አልቤር ካን ከ1909 እስከ 1931 ባሠራው የምድር ሁሉ የምስል መዝገብ ውስጥ 72,000 ያህል አውቶክሮሞች ይገኛሉ፤ ሞሮኮም በ1912 እና በ1913 ተነሥታለች። ይሁንና አውቶክሮም ረዘም ያለ ጊዜ ስለሚፈልግ ሰው እንዲቆም ይጠየቅ ነበር። ቀለሙ እውነት ሆነ፤ እንቅስቃሴው ግን ቀረ።

ሁለተኛ፣ ከፎቶግራፍ አንሺው ሐሳብ ውጪ የገባውን ነገር መፈለግ ይገባል። ፎቶግራፍ አንሺው ጨርቁን ሲያነሣ ያላሰበው ሁሉ አብሮ ይነሣል፦ ያረጀ ጫማ፣ በሐይኩ ሥር የተሸከመችው ዘንቢል፣ እጇን የያዘ ልጅ፣ በግድግዳው ላይ የተለጠፈ የፈረንሳይኛ ማስታወቂያ፣ ከኋላ የሚያልፍ ትራም። ብዙ ጊዜ የታሪክ ጸሐፊውን የሚጠቅመው ይኸው ያልታሰበው ነው።

ሦስተኛ፣ የሴቲቱን ምላሽ ማንበብ ነው። ዞር ያለ ትከሻ፣ የተጣደፈ እርምጃ የፈጠረው ብዥታ፣ ጠበቅ ተደርጎ የተያዘ የሐይክ ጫፍ፣ ወደ ካሜራው በቀጥታ የተተኮረ ዓይን፣ እነዚህ ሁሉ ድርጊቶች ናቸው። አሳታሚው እንደ ጉድለት የሚቆጥረው የደበዘዘ ምስል ለእኛ «አልፈቀድኩም» የሚል የጽሑፍ ማስረጃ ያህል ነው።

አራተኛ፣ የሚያነሣውን ሰው መመርመር ነው። የፈረንሳዩ የአእምሮ ሐኪም ጋኤታን ጋትያን ደ ክሌራምቦ (1872-1934) በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቆስሎ በሞሮኮ በቆየበት ጊዜ ሐይክ የለበሱ ሴቶችን ብዙ መቶ ጊዜ አነሣ፤ እያንዳንዱን የጨርቅ እጥፋትና ቋጠሮ አጠና፤ በ1920ዎቹም በፓሪስ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ስለ ልብስ አጣጣል አስተማረ። ከፖስት ካርድ ነጋዴዎች ይልቅ ለልብሱ አሠራር የተጠነቀቀ ሰው ነበር፤ በምስሎቹ ላይ እርቃን ገላ የለም። ነገር ግን ፊትም የለም፣ ስምም የለም፤ ሴቲቱ የጨርቁ ማንጠልጠያ ሆና ቀርታለች። ሳይንሳዊ ጥንቃቄ ብቻውን ሰውን ወደ ሰውነቱ እንደማይመልስ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

፭. ካሜራው በራስ እጅ ሲገባ

በዚያው ዘመን ካሜራው በሌላ እጅ የገባባቸው ከተሞችም ነበሩ። የኦቶማኑ ሱልጣን አብዱልሐሚድ ሁለተኛ በ1893 ለአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት 1,819 ፎቶግራፎች የያዙ 51 አልበሞች ላከ። ከምስሎቹ መካከል የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ተማሪዎች ይገኙበታል። አልበሞቹ የመንግሥት ፕሮፓጋንዳ መሆናቸው አይካድም፤ ቢሆንም የአውሮፓ ገበያ በሐረም ምስል በተጥለቀለቀበት ጊዜ መጽሐፍ የያዙ ልጃገረዶችን ማሳየት መልስ ነበር። በኢስታንቡል በ1919 ናጂዬ ኃኑም የምትባል ሴት ለሴቶች የሚሆን ፎቶግራፍ ቤት ከፈተች። ሴቶች በሴት እጅ፣ በገዛ ፈቃዳቸው፣ ገንዘባቸውን ከፍለው መነሣት ቻሉ። በሁለቱ ፎቶግራፎች መካከል ያለው ልዩነት ሻሹ ላይ አይደለም፤ ምስሉን ያዘዘው ማን እንደሆነና የት እንደሚቀመጥ የሚወስነው ማን እንደሆነ ላይ ነው።

በካይሮ ደግሞ ማርች 16 ቀን 1919 የከተማይቱ ሴቶች እንደተከናነቡ ጎዳና ወጥተው የእንግሊዝን አገዛዝ ተቃወሙ። ከአራት ዓመት በኋላ በ1923 ሁዳ ሻዕራዊ ከሮም የዓለም አቀፍ ሴቶች ጉባኤ ስትመለስ በካይሮ ባቡር ጣቢያ የፊት መሸፈኛዋን ገለጠች። ተሸፍና ታግላለች፤ ገልጣም ታግላለች። ያወለቀችውም ራሷ ናት።

፮. ከጎዳና ወደ ጦር ሜዳ

ይህ የመጨረሻው ነጥብ በአልጄሪያ በደም ተጻፈ። የነፃነቱ ጦርነት በኖቬምበር 1954 ከተጀመረ በኋላ የፈረንሳይ ባለሥልጣናት ሐይኩን እንደ አንድ ምሽግ ይመለከቱት ጀመር። ሴፕቴምበር 30 ቀን 1956 ጀሚላ ቡሒረድ፣ ዞህራ ድሪፍና ሳሚያ ላኽዳሪ ሐይካቸውን አውልቀው፣ እንደ አውሮፓውያን ለብሰው፣ ቦምብ በቦርሳ ይዘው የወታደር ኬላ አለፉ። በፍንዳታው ሲቪሎች ሞተዋል፤ ስለዚህ ድርጊት የሚሰጠው ፍርድ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል። ለእኛ ርእስ የሚጠቅመው ኬላው የተሰበረበት መንገድ ነው። ወታደሩ ለሃምሳ ዓመት በፖስት ካርድ ያጠናው ትምህርት «የተሸፈነችው አልጄሪያዊት ናት፣ የተገለጠችው የእኛ ናት» የሚል ነበር። ሴቶቹም በዚያው ትምህርት አሸነፉት። ብልሃቱ ሲታወቅ ደግሞ ሐይኩ ተመለሰ፤ ነጩ ጨርቅ መሣሪያና ሰነድ መሸሸጊያ ሆነ። በብሊዳ ሆስፒታል የሠራው ሐኪም ፍራንዝ ፋኖን በ1959 ባሳተመው መጽሐፍ የመጀመሪያ ምዕራፍ ይህንን የመሸፈንና የመገለጥ ስልት ተንትኖታል፤ ብዙዎቻችን የምናውቀው የ1966ቱ «የአልጄር ውጊያ» ፊልምም አሳይቶታል።

ገዢው ወገን መልሱን በአደባባይ ሰጠ። በሜይ 1958 በአልጄር አደባባይ ሴቶች በመድረክ ላይ ሐይካቸውን እንዲያወልቁ ተደረገ፤ ካሜራዎቹም ተዘጋጅተው ይጠብቁ ነበር። ከእነዚህ ሴቶች መካከል በሥራ ፈላጊነታቸውና በአሠሪዎቻቸው ግፊት የወጡ ነበሩ። ነፃ ማውጣት ተብሎ የቀረበው ትርዒት ከግማሽ መቶ ዓመት በፊት በስቱዲዮ ሲሠራ የነበረው ነገር ነው፤ ያሁኑ ስቱዲዮ አደባባይ ብቻ ሆነ።

የመጨረሻው ምዕራፍ በ1960 ተፈጸመ። ከገጠር በግድ ተነሥቶ በሰፈራ ጣቢያ የታጎረው ሕዝብ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ደርሶ ነበር። ለእነዚህ ሰዎች የመታወቂያ ወረቀት እንዲሠራ ሲታዘዝ፣ የግዴታ ወታደራዊ አገልግሎት ላይ የነበረው ወጣት ማርክ ጋራንዤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ 2,000 የሚጠጉ ሰዎችን፣ አብዛኞቹን ሴቶች፣ አነሣ። ሴቶቹ መሸፈኛቸውን እንዲገልጡ ታዘዙ። ፎቶግራፎቹ በ1982 በመጽሐፍ ወጥተዋል። የሴቶቹን ዓይን ያየ ሰው አይረሳውም፤ ቁጣ አለበት፣ ንቀት አለበት፣ ክብርም አለበት። ያነሣው ሰው ራሱ እነዚያ ዓይኖች ምስክር እንደሆኑ ተገንዝቦ ጦርነቱን ለማውገዝ ተጠቀመባቸው። እነሆ የመታወቂያ ፎቶግራፍ በገዢው ላይ ክስ ሆኖ ተገኘ።

፯. ከነፃነት በኋላ፣ እኛም

ታሪኩን በ1962 ድል መዝጋት ቀላል በሆነ ነበር። ግን ሐቀኛ አይሆንም። ቅኝ ገዢው ሴቲቱን የአገሪቱ በር አድርጎ ሲያይ፣ ብዙ ብሔርተኞች ደግሞ የአገሪቱ ባንዲራ አድርገው አይተዋታል። በርም ሆነ ባንዲራ የራሱ ድምፅ የለውም። ነፃነት ከተገኘ በኋላ በኬላዎች ያለፉት ሴቶች ወደ ቤት እንዲመለሱ ተጠበቀ። በ1981 የቀድሞ ታጋዮች ሳይቀሩ በረቂቁ የቤተሰብ ሕግ ላይ በአልጄር አደባባይ ተቃውሞ አሰሙ፤ ይሁንና ጁን 9 ቀን 1984 ሴትን በጋብቻ ጉዳይ በሞግዚት ሥር የሚያውል ሕግ ጸደቀ፤ በ2005 የተሻሻለውም በከፊል ነው። ሐይኩም ከዚያ ዘመን ጀምሮ ለሌላ ዓይነት ሒጃብ ቦታውን እየለቀቀ ከጎዳና ጠፋ። በ2010ዎቹ ወጣት ሴቶች የአያቶቻቸውን ነጭ ሐይክ ለብሰው በአልጄር መንገዶች በሰልፍ ሄደዋል፤ በዚህ ጊዜ ግን ፎቶግራፉን ያነሡትም ያሠራጩትም እነርሱው ነበሩ።

ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። የፋሺስት ኢጣልያ ጦር በ1935 ወደ አገራችን ሲዘምት የኤርትራና የኢትዮጵያ ሴቶችን ምስል የያዙ ፖስት ካርዶች በወታደሩ ኪስ ውስጥ ነበሩ፤ «ፋቼታ ኔራ» የተባለው ዘፈንም ያንኑ ምኞት ያቀነቅን ነበር። ያው መንግሥት በ1937 ኢጣልያዊ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት እንዳይኖር በሕግ ከለከለ። ምስሏን ለምልመላ ተጠቀመበት፤ ራሷን ግን በሕግ ከሰው በታች አደረጋት። እነዚያ ካርዶች ዛሬም በአውሮፓ የአሮጌ ዕቃ ገበያዎች ይሸጣሉ፤ በላያቸው ላይ የሐረሯም፣ የከረኗም፣ የጎንደሯም ሴት ስም የላትም።

በስደት የምንኖር ተማሪዎች የአገራችንን ምስል ብዙ ጊዜ የምናገኘው በባዕድ ቤተ መጻሕፍትና በባዕድ ገበያ ነው። በመጽሔታችን፣ በፖስተራችን፣ በጥናታችን ላይ ስናወጣው እነዚህን ጥያቄዎች ማስቀደም ይገባናል፦ ማን አነሣው? ለማን ሸጠው? ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ማን ጻፈው? የተነሣችው ሴት ፈቅዳ ነበርን? ስሟንስ የሚያውቅ በሕይወት አለን? ለመጨረሻው ጥያቄ መልስ ያላቸው እናቶችና አያቶች ገና አሉ። እነርሱን ጠይቆ ከፎቶግራፉ ጀርባ ስም መጻፍ ለማንኛችንም የማይከብድ፣ ነገር ግን ከዘገየን የማይቻል የታሪክ ሥራ ነው።